አንድ ከርነል ለሁሉም ማሽን? ከቆሰበር የታየ ዳሰሳ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይህ የግዥ ጉዳይ ነው፤ አዲስ ማሽን ተገዝቶ ፋይሉ ይዘጋል። ቆሰበር ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቋጭም። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ ወደ ቻግኒና ጉባ ከሚገነጠለው ጋር በሚገናኝባት በዚህች ከተማ ከሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ስላሽ ናቸው፤ ውጭ አገር ካለ ቢሮ ተወግደው፣ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሸውና ተወልውለው፣ ከሁለትና ሦስት እጅ በኋላ የደረሱ። አንዱ ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ሌላው የፔንቲየም 4 ዘመን ቅሪት፣ ሦስተኛው አተም ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ላፕቶፕ። ዊንዶውስ 11 ሦስቱንም አይቀበልም። ስለዚህ ሊኑክስ የመጫን ወሬ ከትምህርት ቤት ላብ አልፎ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መግባቱ አይቀርም። ከወሬው ጋር አንድ የቆየ ክርክርም አብሮ ይገባል፦ ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የስርዓቱ እምብርት) ይገንባለት ወይስ አንድ ከርነል ሁሉንም ያስተናግድ?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሥራ አንዱ ይበቃል። ጊዜና ድካም ሊወጣባቸው የሚገባው ከርነሉ ሲነሳ በራሱ ሊያውቃቸው የማይችላቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ እነሱን ለይቶ ያወቀ ባለሙያ የቀሩትን አሥር ሺህ አማራጮች ሳይነካ መኖር ይችላል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሥር ሺህ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። የሊኑክስ ከርነል የምንጭ ኮድ ከዚያም የሚበልጥ አማራጭ አለው። ሜክ ሜኑኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ የሰጠ ሰው በሰማያዊ መደብ ላይ ግራጫ ሳጥን ይመጣለታል። ውስጡ ዝርዝር ነው፣ ከየስሙ በስተግራ ቅንፍ። በቅንፉ ኮከብ ከገባበት ያ ክፍል የከርነሉ አካል ሆኖ ይገነባል፤ ኤም ከገባበት ሞጁል ሆኖ ለብቻው ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲፈለግ ይጫናል፤ ባዶ ከተተወ ጭራሽ የለም። የፕሮሰሰር ዓይነትና ባሕርይ የሚመረጥበት ንዑስ ዝርዝር ውስጥ ሲገቡ እነ ፔንቲየም፣ እነ አተም በስማቸው ተደርድረው ይጠብቃሉ። ምርጫው ሲያልቅ ሁሉም ነገር ነጥብ ኮንፊግ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይመዘገባል። ይህ ፋይል በፍላሽ ተይዞ ከማሽን ወደ ማሽን ሊዞር ይችላል፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በጣም የተለመደውን ጣጣ ላንሳ። የአሮጌውን አይዲኢ ዲስክ ድራይቨር በኤም ትቶ፣ ከከርነሉ ጋር አብሮ ወደ ራም የሚጫነውን ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ትንሽ ጥቅል ሳያዘጋጅ የገነባ ሰው ማሽኑን ሲያስነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ከርነል ፓኒክ ይወጣበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድራይቨሩ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፣ ዲስኩን ለማንበብ ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ጥገና ቤት የዋለ ሰው የዚህን ወንድም በሌላ መልክ ያውቀዋል፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበትን ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ የሚመጣውን ሰማያዊ ስክሪን፣ መጨረሻው 7ቢ የሆነውን ቁጥር። ኤክስፒ ራሱ በመጫኛው ሲዲ ውስጥ አራት ከርነል ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለአንድ ፕሮሰሰርና ለብዙ፣ ፒኤኢ ለተባለው የማኅደረ ትውስታ አሠራርና ያለ እሱ። ሲጫን ለማሽኑ የሚስማማውን መርጦ ይገለብጣል፣ ተጠቃሚውም ምርጫ መደረጉን አያውቅም። አማራጭ የማዋቀር ጉዳይ የሊኑክስ ሰዎች ብቻ ጭንቀት የሚመስለው ዊንዶውስ ሥራውን ጓዳ ውስጥ ስለሚጨርሰው ነው።

ሊኑክስም ሲወለድ ይህ ሁሉ አልነበረበትም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጻፈው ከርነል ከኢንቴል 386 ውጭ ለማንም የታሰበ አልነበረም። በ1995 የወጣው ስሪት 1.2 አልፋን፣ ስፓርክንና ሚፕስን ጨመረ፤ የምንጭ ኮዱም አርች በሚባል ማኅደር ሥር በየፕሮሰሰሩ ቤተሰብ ተከፈለ። ዛሬ የምንጠቀምበት ኬኮንፊግ የተባለው የምርጫ ቋንቋ የገባው በ2002 ነው። መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም አለ፦ ሁሉ የተጀመረበት 386 በ2013 በወጣው ስሪት 3.8 ተሰናበተ፣ ኢንቴል ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት አይታኒየም ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በወጣው ስሪት 6.7።

የመጀመሪያው ወገን፣ የራስህን ገንባ ባዩ፣ ክርክሩን የወረሰው ከሊኑክስ የልጅነት ዘመን ነው። 8 ሜጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ የማያስፈልግ ድራይቨር ሁሉ ከባድ ሸክም ነበር። የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ በትክክል መምረጥም ልዩነት ያመጣ ነበር። ይህ ወገን ዛሬም ደቀ መዛሙርት አሉት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ልጅ እኔም አንድ ጊዜ ገንብቶ ማየቱን እመክራለሁ። ለሥራ ማሽን ግን ምክንያቱ ሳስቷል። ከርነሉ ውስጥ ያለው ኮድ፣ ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ፣ ለቪዲዮና ለስሌት ፕሮግራሞች ፍጥነት የሚሰጡትን የቬክተር ትእዛዞች አይነካም፤ ስለዚህ ለኮር ቱ ብሎ መገንባት የሚያስገኘው ጥቅም በእጅ የሚዳሰስ አይደለም። በዚያ ላይ ከርነሉ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ጠይቆ የራሱን ኮድ እዚያው ያስተካክላል። ብዙ ፕሮሰሰር ላለው ማሽን የተገነባ ከርነል አንድ ብቻ ያለው ማሽን ላይ ሲነሳ፣ ፕሮሰሰሮች እርስ በርስ እንዳይጋጩ የገቡትን የመቆለፊያ ቅጥያዎች ከኮዱ ውስጥ ራሱ ያነሳቸዋል። ትናንት ለብቻ ይገነባ የነበረው ዛሬ ሲነሳ በቅጽበት ይወሰናል።

ሌላም ወጪ አለ። ሙሉ ከርነል ኮር ቱ ዱዎ ላይ መገንባት ሰዓታት ይወስዳል፣ መብራት ደግሞ የግንባታውን ማለቅ አይጠብቅም። ይህን ለማሳጠር ብዙዎች ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ ይጠቀማሉ፤ በዚያች ደቂቃ ሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች ብቻ መዝግቦ ሌላውን ሁሉ ያስቀራል። ከርነሉ በፍጥነት ይገነባል፣ ያነሰ ቦታ ይይዛል። በሳምንቱ ግን ደንበኛው ሌላ ፕሪንተር ወይም ዩኤስቢ ዋይፋይ ይዞ ይመጣና "ኧረ ወንድሜ፣ ትናንት ሌላው ቤት ሠርቶልኝ ነበር" ይላል። ልክ ነው፤ ድራይቨሩ የተጣለው ግንባታው በተካሄደበት ቀን ስላልተሰካ ነው።

ሁለተኛው ወገን አጠቃላይ ከርነል የሚለው ነው፤ ኡቡንቱና ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች ለሁሉም የሚያድሉት፣ ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ጄኔሪክ ብሎ ስሙን ያወጣለት። ሁሉም ነገር በሞጁል ተዘጋጅቶ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያስፈልገው ብቻ ይጫናል። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ዲስክ ይበላል፣ ከዚያ በላይ የሚያስከፍለው ነገር ጥቂት ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜም በግንባታ ጊዜ ይወሰኑ የነበሩ ነገሮች ወደ ማስነሻ ሰዓት እየተሻገሩ ነው። በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ክፍተት ሲገለጥ መከላከያው ማሽኖችን አዘገየ፤ በተለይ ፒሲአይዲ የተባለው አቅም የሌላቸውን አሮጌዎቹን። ከስሪት 5.2 ጀምሮ መከላከያዎቹን ሁሉ በአንድ የማስነሻ ቃል መዝጋት ይቻላል፣ እንደገና መገንባት አያስፈልግም። ኢንተርኔት የማይነካ፣ ከጽሕፈት ሌላ ሥራ የሌለው አሮጌ ማሽን ላይ ይህን መዝጋት ስሕተት ነው አልልም። ደንበኞች ፍላሽ የሚቀባበሉበትና ኢንተርኔት ያለበት ቤት ከሆነ ግን አይነካ።

አጠቃላዩ ከርነል የማይሻገረው ድንበርም አለ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። 32 ቢት ይሁን 64 ቢት የሚለው በማስነሻ ሰዓት አይለወጥም። ብዙ ጥገና ቤት ራሙ ትንሽ ከሆነ፣ ቀፎው ካረጀ፣ ማሽኑ 32 ቢት ነው ተብሎ ይፈረድበታል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ኮር ቱ ዱዎ ሁሉም፣ ከፔንቲየም 4 ደግሞ የኋለኞቹ 64 ቢት ናቸው። ማጣሪያው ሲፒዩኢንፎ የሚባለውን ፋይል ከፍቶ ከባንዲራዎቹ መካከል ኤልኤም የምትለዋን ሁለት ፊደል መፈለግ ነው፤ ካለች 64 ቢት ይጫንበታል። ይህ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ኡቡንቱ የ32 ቢት ዴስክቶፕ መጫኛውን ያቆመው በ2017 ሲሆን በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ለ32 ቢት ፒሲ የሚሆን ከርነልና መጫኛ አላዘጋጀም።

በእውነት 32 ቢት የሆነ ማሽን ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ፒኤኢ ነው። ባለ 32 ቢት ከርነል በቀጥታ የሚደርስበት ራም ወደ 896 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ሃይሜም የተባለው አማራጭ ይከፈታል፤ ከ4 ጊጋባይት ለመዝለል ደግሞ ፒኤኢ ያገለግል ነበር፣ ጣሪያውም 64 ጊጋባይት ነበር። 1 ጊጋባይት ላለው ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ፕሮግራም መረጃ ብቻ በሚቀመጥበት የራም ክፍል ውስጥ እንዳይሮጥ የሚከለክለው የደህንነት ጥበቃ በ32 ቢት የሚሠራው ፒኤኢ ሲኖር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ የፔንቲየም ኤም ላፕቶፖች ደግሞ ችሎታው እያላቸው የለንም ብለው ለከርነሉ ይመልሳሉ፤ ፎርስፒኤኢ የሚል የማስነሻ ቃል የተጨመረው ለእነሱ ነው።

የአተም ሚኒ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ነገር ከሁሉ ያስቃል። አንዳንዶቹ ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ የማስነሻ ፈርምዌራቸው 32 ቢት ነው። ኤልኤምን አይቶ 64 ቢት የጫነ ሰው ማሽኑ አልነሳ ሲለው ፍላሹን ይቀያይራል። ከርነሉ ከ2014 ጀምሮ ኢኤፍአይ ሚክስድ በሚባል አማራጭ ይህን ጋብቻ ያውቀዋል፣ ታላላቆቹ ስርጭቶችም ያበሩታል፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በፍላሹ ላይ ያለው ባለ 32 ቢት ቡትሎደር ነው። ከርነሉ ላይ የሚነካ ነገር የለም።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር እንዳይምታታ። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ኮር ቱ ዱዎ ላይ አይሠራም፤ ከ2008 ጀምሮ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች መግባት የጀመሩትን ኤስኤስኢ 4.2ና መሰል ትእዛዞች ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቁት ከከርነሉ በላይ ያሉት ቤተ መጻሕፍትና ፕሮግራሞች ናቸው። የከርነሉን አማራጭ ቢለዋውጡት መፍትሔ አይገኝም፣ ሌላ ስርጭት መውሰድ ነው።

አገራችን አጠቃላዩ ከርነል የማይሻገረውን ድንበር በተግባር ያየችበት አጋጣሚ አለ። በ2008 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች፣ ኤክስኦ የሚባሉት፣ በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ ሥራው የተያዘው በጀርመን ትብብር በሚካሄደው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል ነበር። ማሽኑ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ኤኤምዲ ጂኦድ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ፍላሽ ማከማቻ ነበረው። ሃርድ ዲስክ የለውም፣ የተለመደው ባዮስም የለውም፤ የሚነሳው ኦፕን ፈርምዌር በተባለ ሌላ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን አጠቃላይ ከርነል አያውቀውም። በሊኑክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ ኦኤልፒሲ የሚል የራሱ አማራጭ ተሰጠው፤ ያ አማራጭ ደግሞ ፒኤኢ ከበራ ከዝርዝሩ ይጠፋል። አንዱን ሲነኩ ሌላው የሚደበቅበትን የኬኮንፊግ ባሕርይ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ለሁሉም 32 ቢት ማሽን ይሆናል ተብሎ ፒኤኢ የበራበት ከርነል ለእነዚያ ላፕቶፖች ሊሆን አይችልም። ማከማቻውም እንደ ሃርድ ዲስክ የሚታይ ሳይሆን ጥሬ ፍላሽ ስለሆነ ጄኤፍኤፍኤስ 2 የተባለው የፋይል ስርዓት በከርነሉ ውስጥ መኖር ነበረበት።

ፕሮሰሰሩም ጉድለት ነበረው። ጂኦድ ረጅም ኖፕ የምትባለውን፣ ምንም ሥራ የማትሠራ ቦታ መሙያ ትእዛዝ አያውቃትም። ለዓመታት ዴቢያን ይህን ታግሶ ኖረ፤ በሰኔ 2023 በወጣው ዴቢያን 12 ትእዛዟን ግዴታ ሲያደርግ ጂኦድ ከነቤተሰቡ ከድጋፍ ወጣ። ምንም በማትሠራ ትእዛዝ ምክንያት ከሥራ መውጣት ያናድዳል፣ ግን እንዲህ ነው የሆነው። ኤክስኦ ዛሬ ከእጁ የገባ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፦ በጊዜው የነበረውን የሶፍትዌር ስሪት ይዞ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም፣ ወይም ከርነሉንም ፕሮግራሞቹንም ከምንጩ መገንባት። የመጀመሪያው ወገን ክርክር ሙሉ በሙሉ የሚያሸንፍበት ቦታ ይኸው ነው፤ የሚያሸንፈው ግን ከድካም ጋር ነው።

ይኸው ድርጅት በ2012 ሌላ ሙከራ አደረገ፤ በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ሰጠ። ካሜራው እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ ከወራት በኋላ መልሰው አበሩት፣ ዜናውም ዓለምን ዞረ። ብዙዎች የልጆቹን ብልሃት አደነቁ፤ እኔ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ካሜራው የተዘጋው ከላይ፣ በአንድሮይድ ማስተካከያ ነበር። ከርነሉ ሲገነባ የካሜራው ድራይቨር ባዶ ቅንፍ ቢሆን ኖሮ ያ ታብሌት ካሜራ እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም ነበር። በግንባታ ጊዜ የተዘጋና ከዚያ በኋላ የተዘጋ ነገር ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው።

ዙም አርም ፕሮሰሰር ነበረው፤ ከፒሲው የኤክስ86 ዓለም ወደ አርም ሲሻገሩ ደግሞ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ፒሲ ሲነሳ ፈርምዌሩ ለከርነሉ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ይነግረዋል። የአርም ቦርዶች ግን ለረጅም ጊዜ ይህ ልማድ አልነበራቸውም፤ የትኛው ሽቦ ከየት እንደተያያዘ በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ለየቦርዱ በእጅ ይጻፍ ነበር። ቦርድ በበዛ ቁጥር ፋይሉ በዛ፣ በ2011 ቶርቫልድስ በይፋ ተማረረ። መፍትሔ ሆኖ የተስፋፋው ዲቫይስ ትሪ ነው፤ እንደ ንብረት ርክክብ ሰነድ ቦርዱ ላይ ያለው ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ ከከርነሉ ጋር ይሰጣል። የአርምን ዓለም ከፒሲው የለየው ይህ ሰነድ ቀድሞ ኤክስኦ ላይ ይታወቅ ነበር፤ ኦፕን ፈርምዌር ለከርነሉ የሚያስረክበው ዝርዝር የዚሁ ዘር ነው። በታኅሣሥ 2012 በወጣው ስሪት 3.7 አንድ ከርነል የተለያዩ ኩባንያዎችን የአርም ቺፖች ማስነሳት ጀመረ፤ የ64 ቢት አርም ድጋፍም በዚሁ ስሪት ገባ።

ይህን በቅርብ ማየት የሚፈልግ የራስፕቤሪ ፓይ ማስነሻ ካርድ ይክፈት። ከርነል፣ ከርነል 7፣ ከርነል 7ኤል፣ ከርነል 8 የሚባሉ ፋይሎች ጎን ለጎን ያገኛል። የመጀመሪያው ለፓይ 1ና ለዜሮ ነው፣ ሁለተኛው ለፓይ 2ና 3፣ ሦስተኛው ለፓይ 4 በ32 ቢት፣ የመጨረሻው ለ64 ቢቶቹ። ካርዱን ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ሲሰኩ ፈርምዌሩ የሚገባውን ይመርጣል። የኤክስፒ ሲዲ ያደርገው የነበረውን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ይኼኛው በተነሳ ቁጥር መምረጡ። ፓይ 5 በ2023 ሲመጣ አምስተኛ ፋይል ጨመረ፤ በዚህኛው ራም የሚታደልበት ገጽ መጠን ከ4 ኪሎባይት ወደ 16 ከፍ ብሏል። የገጽ መጠን በግንባታ ጊዜ ብቻ የሚወሰን ነው፤ 16 ፈጠን ይላል፣ ግን 4 ነው ብለው የተገነቡ አንዳንድ ፕሮግራሞች እምቢ ይላሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያጋጠመው ሰው በማስተካከያ ፋይሉ አንድ መስመር ጽፎ ወደ ከርነል 8 መመለስ ይችላል። ኪዊክስን ጭኖ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለክፍል ተማሪዎች በዋይፋይ ማሠራጨት ለሚፈልግ መምህር ይህቺ ቦርድ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ትሻለዋለች፤ የምትበላው ኤሌክትሪክ ከአምፖል አይበልጥም።

ቆሰበር ላይ በቁጥር የሚበዛው ከርነል ግን ያለው በኪስ ውስጥ ነው። ቴክኖ የሚባለው ስልክ ባለቤት ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገጣጥማል፤ እነዚህና መሰሎቻቸው በአብዛኛው ሚዲያቴክ ወይም ዩኒሶክ ቺፕ ይዘው፣ ቺፑን የሠራው ኩባንያ ለራሱ ባስተካከለው ሊኑክስ ከርነል ላይ ይሮጣሉ። ምርጫው ተጠቃሚው ዘንድ የለም። ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ራም ለመቆጠብ በ32 ቢት የሚሠሩ ርካሽ ስልኮች ብዙ ናቸው፤ አዳዲስ አፕሊኬሽኖች በ64 ቢት ብቻ ሲመጡ ባለቤቱ ስልኬ ደከመ ይላል። ጉግል ከአንድሮይድ 12ና ከከርነል 5.10 ወዲህ አዳዲስ ስልኮች የጋራ ከርነል እንዲይዙና የኩባንያው ጉዳይ በሞጁል እንዲለይ ግዴታ አድርጓል። ለአጠቃላዩ ከርነል ወገን ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ስላሽ ገበያው ውስጥ እስኪወርድ ግን ዓመታት ይወስዳል።

ከስልኩ ዓለም ወደ አሮጌ ኮምፒውተር መውሰድ የሚገባ አንድ ነገር አለ፣ ዜድራም። ራም ሲሞላ ትርፉን ወደ ዲስክ ከመግፋት ይልቅ እዚያው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ከ2014 ጀምሮ በዋናው ከርነል ውስጥ ነው፣ ስርጭቶቹም ሞጁሉን ይዘውት ይመጣሉ። 2 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ብሮውዘር ለሚከፍት ሰው፣ የፕሮሰሰር ቤተሰብ መርጦ ከርነል ከመገንባት ሁሉ ይህን ማብራት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ስለ ፊደላችን ሳላነሳ አላልፍም፣ ሃርድዌርና ከርነል አማርኛን የሚነኩበት ቦታ ስላለ። ኪቢዲ በሚባለው የሊኑክስ ጥቅል ውስጥ ጎሃና ጎሃ ክላሲክ የተሰኙ የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጾች አሉ፤ መስኮትና ማውዝ በሌለበት በጥቁሩ ኮንሶል ላይ ግዕዝን ለማሳየት የተሠሩ። የፒሲው የቪጂኤ ጽሑፍ ሁነታ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው። ዩኒኮድ በ1999 ያስገባው የኢትዮጵያ ፊደል ከ340 በላይ ነው፤ የእንግሊዝኛው ሲጨመር እንደ ምንም ይገባል፣ የሚከፈለው ዋጋ ከ16ቱ የፊደል ቀለሞች ግማሹን ማጣት ነው። አርም ቦርድ ላይ የቪጂኤ ጽሑፍ ሁነታ የሚባል ነገር ስለሌለ ፍሬምበፈር ኮንሶል የሚለው አማራጭ በከርነሉ ውስጥ ካልበራ ስክሪኑ ባዶ ይቀራል፤ ቢበራም የ512 ገደቡ አብሮት ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ውጤቱ ለዓይን አይመችም፤ ለላቲን ፊደል በተለካች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጨና ጪ ተጨናንቀው ነው የሚታዩት። ቢሆንም ይህን ያሰበ ሰው መኖሩ ያስደስተኛል።

ከኤክስ86ና ከአርም ቀጥሎ የሚነሳውን ሪስክ ፋይቭን በአጭሩ ልለፈው። ለማንም ክፍት የሆነ የፕሮሰሰር ንድፍ ነው፣ በ2018 መጀመሪያ በወጣው ስሪት 4.15 ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል። ቦርዶቹ ለመማሪያ ይሆናሉ፤ ለጽሕፈት ቤት ዛሬ አይመከሩም።

የቀረው ሰዓት ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሲሞስ ባትሪው ካለቀ ማሽኑ ሲነሳ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለስና ድረ ገጾች የምስክር ወረቀቱ ልክ አይደለም እያሉ አንከፍትም ይላሉ። መድኃኒቱ ከርነል መገንባት ሳይሆን ባትሪዋን መቀየር ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ግን ከ1 እስከ 4 ድረስ የራሱ ሰዓት ጭራሽ የለውም፤ ከኢንተርኔት ካልጠየቀ ቀኑን አያውቅም። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ዲኤስ 3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ቺፕ ተገዝታ ትሰካለች፤ በከርነሉ በኩል ድራይቨሩ ዲኤስ 1307 በሚል ስም ስለሚገኝ በራሷ ቁጥር የሚፈልጋት አያገኛትም። ከዚያ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አንድ የዲቫይስ ትሪ መስመር መጨመር ነው። ፓይ 5 የራሱ ሰዓት አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

ሰዓቱ ቢስተካከልም ለ32 ቢት ማሽኖች ቀነ ገደብ አለ። ከርነሉ ጊዜን የሚቆጥረው ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ በ32 ቢት የሚያዘው ቁጥር የሚሞላው በጥር 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ያልተዘጋጀ ማሽን ራሱን በ1901 ያገኘዋል። ከርነሉ በኩል ሥራው በ2020 በወጣው ስሪት 5.6 ተጠናቋል፤ 32 ቢት ማሽንም ጊዜን በ64 ቢት መቁጠር ይችላል። ፕሮግራሞቹ ግን በአዲሱ ቆጠራ እንደገና መገንባት አለባቸው። ዴቢያን 13 ይህን ለ32 ቢት አርም ሠርቶታል፤ ለ32 ቢት ፒሲ አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲል ትቶታል። ስለዚህ ቆሰበር ላይ አንድ ባለ 32 ቢት የፔንቲየም 4 ማሽንና አንድ የፓይ 2 ቦርድ ጎን ለጎን ቢቀመጡና ሁለቱም እስከዚያ ቢደርሱ፣ ያን ቀን በሰላም የሚያልፈው ቦርዱ ነው።